የእመት በቅሎ ድምፅ

ደብረ ታቦር ውስጥ ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ ለረጅም ጊዜ የምመልሰው «ባነር እሠራለሁ» እያልኩ ነበር። ውሸት አልነበረም። ቀን ቀን አንድ ማተሚያ ቤት ተቀጥሬ የምርቃት ባነር፣ የሱቅ ማስታወቂያ፣ የሰርግ ጥሪ ካርድ እሠራለሁ። ልቤ ያለው ግን ከሥራ ስወጣ የኪራይ ክፍሌ ገብቼ በምሠራው ካርቱን ላይ ነበር። ይህን ለሰው ማስረዳት ይከብዳል። «የሚንቀሳቀስ ሥዕል እሠራለሁ» ስል «ለልጆች?» ይሉኛል። «ለትልልቅ ሰዎች» ስል ደግሞ ወሬውን ይቀይራሉ። አንዳንዱ ከንፈሩን ይመጥልኛል።

የካርቱኑ ርዕስ «እመት በቅሎ» ነው። ጉና ተራራ ሥር የምትኖር፣ ዕድሜዋ የገፋ፣ አፏ የማያርፍ በቅሎ ናት። ሁሉም ይጋልባታል፤ ነጋዴው፣ አስታራቂ ሽማግሌው፣ ከከተማ ለጥናት የመጣው ባለሙያ። እሷ ደግሞ ዳገቱ እስኪያልቅ ድረስ የተሸከመችውን ሰው ስትነግረው ትውላለች፤ ምን ያህል እንደከበዳት፣ ምኑ ላይ እንደዋሸ፣ ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ ምን እንደምትለው። ታሪኩ በቃ ይኸው ነው። እኔም ያደግኩት እዚያው ጉና ሥር ስለሆነ የበቅሎን ጆሮና የኋላ እግር አረማመድ ለመሣል መጽሐፍ ማየት አላስፈለገኝም።

አንዲት በቅሎ ዳገት ላይ ጥቂት እርምጃ እንድትራመድ ሳምንት ሙሉ መሣል አለብኝ። እያንዳንዱን ሥዕል ከፊተኛው ትንሽ እየለወጥኩ፣ ከላፕቶፔ ጋር በተያያዘች ትንሽ የሥዕል ሰሌዳ ላይ በብዕሯ እየጫርኩ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ባትሪው እስካለ ይሠራል፤ ከዚያ በወረቀት እቀጥላለሁ። የመጀመሪያውን ክፍል ሥዕል እንዲህ ጨርሼ ድምፅ ሲቀረኝ ራሴ ሞከርኩት። ቀድቼ ሳዳምጠው ማስታወቂያ የሚያነብ ሰው ነው የመሰልኩት። በቅሎዋ ሞተችብኝ።

ከኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል አንዲት ወጣት ከእናቷ ጋር ተከራይታ ትኖር ነበር። ከዓረብ አገር ከተመለሰች ብዙ አልቆየችም። እናቷ ገበያ ላይ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ይሸጣሉ፤ እሷ ካፌ ውስጥ ታስተናግዳለች። ከሰላምታ በቀር ብዙ አንነጋገርም ነበር። አንድ ጠዋት ከአከራያችን ጋር በውሃ ጉዳይ ስትከራከር በግድግዳው በኩል ሰማኋት።

«ጋሼ፣ ቧንቧውን ከሚቆልፉብን እኛኑ ይቆልፉብን! ከዚያ ማን ኪራይ እንደሚከፍልዎ እናያለን!»

ወፍራም፣ ትንሽ ሻከር ያለ ድምፅ ነው። ተቆጥታም ውስጡ ሳቅ አለበት። ብዕሬን አስቀምጬ ወጣሁ። እስክትጨርስ ጠብቄ ጠራኋት።

«አንድ ነገር ላስቸግርሽ ነበር።»

«ውሃ ከሆነ የለኝም።»

«ውሃ አይደለም። ካርቱን እሠራለሁ። አንዲት በቅሎ አለች… ድምፅ እንድትሆኛት ፈልጌ ነው።»

ከላይ እስከ ታች አየችኝ። የሰደብኳት መስሏት ይሆናል ብዬ ደነገጥኩ።

«ክፉ እንዳይመስልሽ፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ እኮ እሷ ናት።»

«ምን ክፉ አለው?» አለች። «ሰው ቤት የሠራች ሁሉ በቅሎ ናት፣ ወንድሜ። ንገረኝ ብቻ፤ ማንን ነው የምሸከመው?»

ክፍሌ ውስጥ ብርድ ልብስና ጋቢ በሚስማር ሰቅለን ጥግ ሠራን፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው። ስልኬን የማተሚያ ቤት ቁርጥራጭ ወረቀት ክምር ላይ አስቀምጣለሁ፤ እሷ ፊቱ በርከክ ትላለች። ባጃጅ ሲያልፍ እናቆማለን። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር የዚያን ቀን ሥራ አለቀ ማለት ነው። የጻፍኩትን አንዴ ታነበውና ወረቀቱን ትገለብጠዋለች። ከዚያ በራሷ ቃል ትናገረዋለች። አንድ ቦታ ላይ እኔ የጻፍኩት በቅሎዋ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆማ «ደክሞኛል» እንድትል ነበር። እሷ ግን ትንፋሿን ሰብስባ እንዲህ አለች፦

«ውረድልኝ! እስቲ ደግሞ አንተ ተሸከመኝ፤ ሰው መሆንህን እንይልህ!»

ሳቄ መጥቶ ቅጂውን አበላሸሁት። እንደገና አስደገምኳት። ካርቱኑ ውስጥ የገባው ሁለተኛው ነው።

መሣል አንድ ነገር ነው፤ እዩልኝ ማለት ሌላ ነው። ቪዲዮውን ከጫንኩ በኋላ ለማውቀውም ለማላውቀውም ላክሁ። የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ስለጥፈው የቡድኑ ኃላፊ ያጠፋዋል። ባጃጆች የኋላ መስታወት ላይ የበቅሎዋን ፊት የያዘ ተለጣፊ ለጠፍኩ፤ አንዱ ባለ ባጃጅ «ይቺ አህያ የማን ድርጅት ናት?» ብሎ ጠየቀኝ። አንዳንድ ቀን ያየው ሰው ቁጥር ባለበት ይቆማል። እሷ ካፌ ውስጥ ለተስተናጋጁ ማኪያቶ አቅርባ ስልኳን ትከፍትለታለች። «ካላዩት ሂሳብ አልቀበልም» ትላለች።

ከሁሉ የማልረሳው አንበሳሜ ከተማ የሄድንበት ቀን ነው። እዚያ ኳስ የሚያሳይ ቤት ያለው ሰው የሥራ ባልደረባዬ ዘመድ ነበር። በገበያ ቀን፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት፣ ካርቱኑን በትልቁ ስክሪን ሊያሳይልን ተስማማ። ቤቱ ከገበያ በመጡ ሰዎች ጢም ብሏል፤ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሃል ያቆሙ አባወራዎች፣ ጎረምሶች፣ የሸጡትን ሸጠው የቀረውን ኩርሲ ሥር የወሸቁ ነጋዴዎች። ሥዕሉ ሲጀምር ጫጫታው ቀለጠ።

«ኧረ ኳሱን ክፈት!»

«ይህ የሕፃን ነገር ነው!»

ባለቤቱም ሪሞቱን አነሳ። ያኔ በቅሎዋ ተናገረች። ከፊት የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ድንገት በሳቅ ፈነዱ። «ስሟት! ስሟት እስቲ!» አሉ ወደኋላ ዞረው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ሳቅ በሳቅ ሆነ። ሲያልቅ ሽማግሌው «ይቺ የማን ልጅ ናት እንዲህ የምትናገር?» ብለው ጠየቁ። እሷ በሩ ሥር ቆማ ነበር። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ፣ ትከሻዋ በሳቅ እየተንቀጠቀጠ፣ እንዳልናገር በዓይኗ ለመነችኝ። ሚኒባስ ውስጥ ግን እስከ ደብረ ታቦር ድረስ ስታወራው መጣች። «እኔን ሰምቶ የሳቀ ሰው እኮ አይቼ አላውቅም» አለችኝ። «ዓረብ አገር እያለሁ የምናገረው ትእዛዝ ስመልስ ብቻ ነበር።»

ከዚያ የሆነውን በክልሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ውጊያ ተነሳ፤ መንገድ መዘጋት ጀመረ፤ የስልክ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ተሠርተው አልቀው ላፕቶፕ ውስጥ ተቀመጡ። የለፋንበትን የምንለጥፍበት ቦታ ጠፋ። መላ የመጣላት ለሷ ነው።

«ሰው ዘፈን የሚያገኘው ከየት ነው አሁን?»

ከሜሞሪ ጫኞች ነበር። በየገበያው ኮምፒውተር ይዘው ለሰው ስልክ ዘፈንና ፊልም የሚጭኑ ልጆች አሉ። ፍላሽ ይዘን ዞርን። «በነፃ ጫኑልን፤ ለጠየቀም ላልጠየቀም ስጡ» አልናቸው። ወደ ጋይንት፣ ወደ አንበሳሜ፣ ወደ እስቴ ለሚሄዱ ሾፌሮችም ሰጠን። ካርቱኑ ኢንተርኔት ላይ ከሄደው ይልቅ በእጅ የሄደው በለጠ። ከጉና ማዶ የመጣ ገበሬ ስልኩ ላይ አለ ብሎ የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ሲነግረኝ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ።

በዚያው ሰሞን እግሯ ማበጥ ጀመረ። መጀመሪያ ቆማ ስለምትውል ነው ብለን ናቅነው። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ፊቷ ያብጣል። «ሰው ከጀርባዬ ወርዶልኝ ወፍሬ ነው» ትል ነበር። መንገዱ የተከፈተ ሰሞን እናቷ ባሕር ዳር ወስደው አስመረመሯት። ሐኪሞቹ ሁለቱም ኩላሊቶቿ መዳከማቸውን ነገሯቸው። እጥበት ያስፈልጋታል፤ እጥበቱ ደግሞ ያለው ባሕር ዳር ነው። ጥቂት ጊዜ እዚያው ዘመድ ቤት ሆና ታከመች። ዘመዶቿ ራሳቸው ተቸግረው ነበር፤ ተመልሳ መጣች። ከዚያ ወዲያ መንገድ ሲከፈት ትሄዳለች፤ ሲዘጋ ትቀራለች።

ሥራውን እንድንተወው ነገርኳት። ተቆጣች።

«ታዲያ ተኝቼ ቆርቆሮ ልቁጠር?»

አራተኛውን ክፍል እሷ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀዳነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ተናግራ ታርፋለች። ትንፋሿ ስልኩ ላይ ጎልቶ ይሰማል። ሳቀናብረው የትንፋሹን ድምፅ መቁረጥ ስጀምር አጠገቤ ነበረች።

«አትቁረጠው» አለችኝ። «ዳገት ላይ ያለች በቅሎ እንዲህ ነው የምትተነፍሰው።»

አልቆረጥኩትም።

ክረምቱ ገብቶ በፍልሰታ ጾም መሃል መንገዱ እንደገና ተዘጋ። የእጥበት ቀኗ አለፈ። እናቷ መናኸሪያ ውለው ይመለሳሉ፤ እኔም የማውቀውን ሾፌር ሁሉ ለመንኩ። በመጨረሻ አንድ የእህል መኪና ሾፌር መንገዱ እስካሳለፈኝ እሄዳለሁ አለን። ከፊት ወንበር እሷን በእናቷ ደረት ላይ አስደገፍን፤ እኔ ከኋላ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳንርቅ ከፊታችን የሄዱት መኪኖች ሲመለሱ አገኘናቸው። ሾፌሩ ወርዶ አነጋገራቸውና ወደ እናቷ መስኮት መጣ።

«እናቴ፣ አያሳልፍም። ተኩስ አለ።»

እናቷ አላለቀሱም። «እሺ ልጄ፣ አንተም ልጆች አሉህ» አሉት። ዞረን ተመለስን። በማግስቱ ጠዋት፣ ቤቷ ውስጥ፣ ዐረፈች። ሠላሳ ዓመት አልሞላትም ነበር። ዝናቡ አላቋርጥ ብሎ ቀብሩ ላይ ካህናቱ ፍትሐቱን ያደረሱት ጃንጥላ ተይዞላቸው ነው። ጉድጓዱ ውሃ እያቆረ፣ ወጣቶች በባልዲ ይቀዱት ነበር።

ለወራት አንድም መስመር አልሣልኩም። ባነር ሠራሁ። በቤቱ ግድግዳ በኩል የእናቷ ጸሎት ይሰማኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ምንም አይሰማኝም፤ እሱ ይብስብኝ ነበር።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ ስልኬን ከፍቼ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። አንድ የማላውቀው ሰው፣ ከሜሞሪ ላይ ካገኘው ቪዲዮ፣ «ውረድልኝ!» የምትልበትን ቦታ ቆርጦ ለጥፎታል። ሰው ሁሉ በድምፁ ላይ አፉን እያንቀሳቀሰ ራሱን ይቀርጻል። ሚስት ባሏን፣ ተማሪ አስተማሪውን፣ ሙሽራ ሚዜውን «ውረድልኝ! እስቲ ደግሞ አንተ ተሸከመኝ!» ይለዋል፤ በሷ ድምፅ። ስንቱን ደጅ ጠንቼ ያላገኘሁት ነገር እኔ ሳልነካው መጣ። የኔ ስም የትም የለም፤ የሷም የለም። ቅር ያለኝ እሱ አልነበረም። አብራኝ የምታየው እሷ ስለሌለች ነው ስልኩን ዘግቼ ያስቀመጥኩት።

ጥቂት ቆይቶ እናቷ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጡ። መጥተው አያውቁም ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ የገበያ ዘንቢላቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ። ወንበር ሳብኩላቸው።

«እማማ፣ ምነው? ምን ሆኑብኝ?»

«ልጄ ገበያ ውስጥ ትጮኻለች» አሉኝ።

አልገባኝም።

«ድንች እየመዘንኩ በኋላዬ ጮኸች። ዞር ስል አንድ ጎረምሳ ስልክ ይዞ ይስቃል። ትላንት ደግሞ ባጃጅ ውስጥ። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ ሁለት ልጃገረዶች። ውረድልኝ ትላለች። ማን ነው የተጫናት? ምን እያደረጓት ነው?»

የሆነውን እንደምንም አስረዳኋቸው። ካርቱኑን ያውቃሉ፤ ስንቀዳ ስንት ጊዜ በሩን ከፍተው ስቀውብናል። የተቆረጠችው ነገር ግን ካርቱን አልመሰለቻቸውም፤ ልጃቸው ብቻ ነበረች።

«አጥፋልኝ» አሉ።

«የኔን አጠፋለሁ፣ እማማ። ሌላው ግን በኔ እጅ አይደለም።»

«አንተ አይደለህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

የዚያኑ ዕለት የጫንኩትን የመጀመሪያውን ክፍል ከገጼ ላይ አነሳሁ። ከዚያ ለለጠፉት ሰዎች አንድ በአንድ መጻፍ ጀመርኩ። «ይህ የሟች ድምፅ ነው፤ እናቷ እየተጎዱ ነው፤ እባካችሁ አንሱልን» አልኩ። ጥቂቶች ይቅርታ ጠይቀው አነሱ። አንዲት ልጅ ማልቀሷን ጽፋልኝ አጠፋችው። ብዙዎቹ አልመለሱም። አንዱ «ቅናት ነው፤ መጀመሪያ የለጠፍኩት እኔ ነኝ» አለኝ። ሌላው ደብዳቤዬን ራሱን አንብቦ ቪዲዮ ሠራበት፤ ከሥሩ ያው ድምፅ ተለቀቀ። ሜሞሪ ጫኞቹም ጋ ሄድኩ። «ኧረ እናጠፋለን» አሉኝ፤ አጠፉም። በሰው ኪስ ውስጥ የገባውን ግን ማን ይመልሰዋል?

በዚህ መሃል ከአዲስ አበባ አንድ የማስታወቂያ ሠራተኛ ደወለ። ስንት ሰው ጠይቆ እንዳገኘኝ ነገረኝ። ትሑት ሰው ነበር። በቅሎዋን ለልብስ ማጠቢያ ሳሙና ማስታወቂያ ይፈልጓታል። ለዓመታት ስጠብቀው የነበረ ስልክ ነው።

«ድምፁን የሠራችው ልጅ አርፋለች» አልኩት።

«ነፍስ ይማር» አለና ቀጠለ። «ያልወጣ የተቀዳ ድምፅ የላችሁም? ካልሆነ አስመስላ የምትናገር ሴት እናገኛለን።»

ያልወጣ ድምፅ ነበረኝ። አራተኛው ክፍል ሙሉውን ላፕቶፔ ውስጥ ነው። ለራሴ ብቻ ቢሆን ምን እንደምመልስ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ገንዘቡም ለእናቷ ይተርፋል። ሄጄ ነገርኳቸው። ድንች ከአፈር እየለዩ ነበር።

«ምን ልትል ነው?» አሉኝ።

«ሳሙና ነው፣ እማማ። ሳሙናው ጥሩ ነው ትላለች።»

እጃቸው ቆመ።

«የመጣች ጊዜ መዳፏን አላየህም አንተ» አሉ። «በሳሙና ተልጦ ነው የመጣችው። ጣቷ እንጀራ ሊጥ ውስጥ አይገባም ነበር፣ ያቃጥላት ስለነበር። ቅቤ እየቀባሁ፣ በጨርቅ እየጠቀለልኩ ነው ያዳንኩላት።» ድንቹን ጣሉት። «ሳሙና ጥሩ ነው አትልም ልጄ።»

ለሰውየው ደውዬ አይሆንም አልኩት። አልተቆጣም። ከጥቂት ወራት በኋላ ምሳ የምበላበት ቤት ቴሌቪዥን ላይ አንዲት በቅሎ አየሁ። የኔዋ አይደለችም፤ ጆሮዋ የአህያ ነው፣ አረማመዷም የፈረስ። ድምፁ ግን ሻከር ያለ የሴት ድምፅ ነው፤ «ውረድልኝ፣ ልብሴን ልጠብበት» ይላል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሳቀ። ሂሳቤን ከፍዬ ወጣሁ።

እናቷ ገበያ መውጣቱን ተዉት። ወንድማቸው ጉና ላይ መሬት አላቸው፤ እሳቸው ጋ ለመግባት ዕቃቸውን ሸከፉ። «እዚያ ስልክ አይሠራም ይላሉ» አሉኝ ሲሰናበቱኝ። ክፍሉን ሌላ ሰው ተከራየው።

ሥራዬ አሁንም ባነር ነው። አልፎ አልፎ ለሰርግ ቪዲዮ መግቢያ የሚንቀሳቀስ ጽሑፍ እሠራለሁ። «እመት በቅሎ»ን የሚያውቅ ሰው ሲያገኘኝ «ለምን አቆምክ?» ይለኛል፤ «ጊዜ የለኝም» እለዋለሁ። አራተኛውን ክፍል አላጠፋሁትም፤ አልከፈትኩትምም። የጀመርኩት አዲስ ሥዕል አለ። ገና መስመር ነው፤ ጥሩ ይሁን መጥፎ መለየት አልቻልኩም።

ባለፈው ጥቅምት ስኳርና ቡና ይዤ ጠየቅኳቸው። ከመኪናው ወርጄ በእግሬ ብዙ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ማሳ ላይ ነበሩ፤ ከወንድማቸው ሚስት ጋር ድንች ያወጣሉ። ጠቁረዋል፤ ከስተዋል። አገላብጠው ሳሙኝና ቤት ይዘውኝ ገቡ። ስለ ውርጩ አወሩኝ፤ ገብሱን ግማሹን እንደመታው። ስለ በጎቹ አወሩኝ። ስለ እሷ አላነሱም፤ እኔም አላነሳሁም። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ አቀረቡልኝና እስክጠግብ ቆመው ጠበቁኝ።

ስወጣ እስከ አጥሩ ድረስ ሸኙኝ።

«ሥራ አለህ?» አሉኝ።

«አለኝ፣ እማማ።»

«ትስቃለህ አንዳንዴ?»

«አንዳንዴ» አልኩ።

«ደግ» አሉ። «እኔ ገና ነኝ።» ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ወደ ማሳው ተመለሱ። መኪና ሳያመልጠኝ ለመድረስ ቁልቁለቱን በፍጥነት ወረድኩ።